ብሩ በዝቶ ዘንቢሉ ለምን ቀለለ? የቤት ወጪን ከጅማ ሆኖ ማንበብ

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሱቅ አለ። ባለቤቱን ሁላችንም ሀጂ ነው የምንላቸው። ባንኮኒው ላይ፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣ ጫፍ ጫፉ የተቀዳደደ ወፍራም ደብተር ይቀመጣል። የዱቤ ደብተር ነው። የሰፈሩ ግማሽ ሰው እዚያ ውስጥ አለ። እኔም አለሁ።

ባለፈው ኅዳር ሒሳቤን ልዘጋ ሄድኩ። ሀጂ ገጼን ሲፈልጉ ከባንኮኒው ስር አንድ አሮጌ ደብተር አብሮ ወጣ። ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት የነበረው ነው። ገለጥ አድርጌ አየሁት። "ዘይት ባለ 5"፣ "ስኳር 2 ኪሎ"፣ "ሳሙና ግማሽ ደርዘን" ይላል። አዲሱ ላይ ደግሞ "ዘይት ግማሽ ሊትር"፣ "ስኳር ሩብ"፣ "ኦሞ ትንሿ" ነው የሚበዛው። የወሩ ድምር ግን አዲሱ ላይ እጥፍ ድርብ ነው።

"ሀጂ፣ ንግዱ አድጓል ማለት ነው?" አልኳቸው።

"ብሩማ አድጓል ልጄ" አሉ እስክሪብቷቸውን ጆሯቸው ላይ እየሰኩ፣ "ዕቃው ነው እንጂ የት እንደገባ የጠፋኝ።"

ይህችን መልስ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ብዙ ገጽ ይጽፉባታል። በዜና "የቤተሰብ ፍጆታ ወጪ ይህን ያህል በመቶ አደገ" ሲባል የሰማነው የሀጂን አዲሱን ድምር ነው ወይስ ዘንቢሉን? ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። የአንድ አገር ሰው ኑሮው ተሻሻለ ወይስ ከፋ የሚለውን ለማወቅ ደግሞ መለየታቸው ግድ ነው።

መጀመሪያ፣ ፍጆታ የሚባለው የትኛው ነው?

ከኪስ የወጣ ብር ሁሉ ፍጆታ አይደለም። ዕቁብ ስንጥል ብሩ ወጥቷል፣ ግን አልጠፋም። ዞሮ ይመጣል፣ ስለዚህ ቁጠባ ነው። ወይፈን ገዝቶ ለማድለብ ማሰር መዋዕለ ንዋይ ነው። ባጃጅ ገዝቶ ሥራ ላይ ማሰማራትም እንደዚያው። ከአጂፕ እስከ መርካቶ በዚያው ባጃጅ ተሳፍሮ የሚከፈለው ግን ፍጆታ ነው። ቤት መሥራት መዋዕለ ንዋይ፣ የቤት ኪራይ መክፈል ፍጆታ። አጋሮ ላሉ እናቴ በቴሌብር የምልከው ብር እኔ ቤት እንደ ፍጆታ አይቆጠርም። እሳቸው ስኳር ሲገዙበት እሳቸው ቤት ይቆጠራል። እኔም ጋ እሳቸውም ጋ ከተቆጠረ አንድ ብር ሁለት ሆነ ማለት ነው።

የሚገርመው የተገላቢጦሹ ነው። ብር ሳይወጣበት ፍጆታ የሚባል ነገር አለ። ማና ወይም ጎማ ወረዳ ያለ ገበሬ ከጓሮው የለቀመውን ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ያፈላል። ከማሳው የሰበሰበውን በቆሎ ይፈጫል። ገበያ አልወጣም፣ ግን በልቷል፣ ጠጥቷል። ይህ ካልተቆጠረ ገበሬው በወረቀት ላይ ጾሙን የሚያድር ይመስላል። ስለዚህ የቀመሰው ሁሉ በአካባቢው ዋጋ ተገምቶ ይመዘገባል። በራሱ ቤት የሚኖር ሰውም እንደዚሁ ነው። ቤቱ ቢከራይ ስንት ያወጣ ነበር ተብሎ ይገመትና ለራሱ ኪራይ እንደከፈለ ይቆጠራል። መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ያለዚህ ተከራይና ባለቤትን ማወዳደር አይቻልም።

ከዚህ አንድ አሳሳች ነገር ይመጣል። የቡና ዋጋ እጥፍ ሲሆን ያ ገበሬ የሚጠጣት ያቺው ስኒ በግምት እጥፍ ዋጋ ታወጣለች። እሱ አንድ ስኒ አልጨመረም። ወረቀቱ ላይ ግን ወጪው አደገ።

ማን ቆጠረው?

እኛ አገር ይህን የሚያጠናው የድሮው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የአሁኑ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። ትልልቆቹ የቤተሰብ ፍጆታ ወጪ ጥናቶች የተካሄዱት በ1988፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ነው። የድህነት መጠናችን የሚለካውም በእነዚሁ ነው። ከድህነት መስመር በታች ያለው ሰው በ1988ቱ ጥናት 45.5 በመቶ ነበር። በ2008ቱ 23.5 በመቶ ሆነ። ልብ በሉ፣ የተጠየቀው ደመወዝ አይደለም፣ ወጪ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ገቢህ ስንት ነው ቢሉት ማን እውነቱን ይናገራል? ግብር ይመጣብኛል ብሎ የሚፈራ አለ፣ ዕርዳታ ይመጣልኛል ብሎ ዝቅ የሚያደርግ አለ። ቡና ነጋዴውን ብትጠይቁት ደግሞ እሱም አያውቀውም፣ በየወሩ የተለያየ ነው። ምን በላችሁ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ያም ቢሆን ቀላል አይደለም። ጠያቂው ደጅ ይመጣና "ባለፈው ሳምንት በርበሬ ስንት ገዛችሁ?" ይላል። ምግብ በቅርብ ቀናት ይጠየቃል፣ ልብስና የቤት ዕቃ በወራት ወይም በዓመት። የሰው ልጅ ትልቁን ያስታውሳል፣ ትንሹን ይረሳል። እኔና ባለቤቴ አንድ ወር ሙሉ ያወጣነውን ሁሉ ለመጻፍ ተስማማን። ከመጀመራችን በፊት በግምት ስንት እናወጣለን ብዬ ስጠይቃት "ብትበዛ አሥር ሺህ" አለች። እኔም ተስማማሁ። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩ 13,200 አለ። የጎደለውን ስንፈልግ የሞባይል ካርድ፣ የባጃጅ፣ የልጆች ደስታ ከረሜላ፣ ለቅሶ ቤት የተያዘ ስኳር፣ እኔ መሥሪያ ቤት በር ላይ የምጠጣው የጀበና ቡና ሆነው ተገኙ። የጀበናዋን ቡና ድምር ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ደመረችው። ወደዚያ ዝርዝር አልገባም።

አገር ሲቆጠር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት አራት ቦታ ይከፈላል፤ ቤተሰብ የፈጀው፣ መንግሥት ያወጣው፣ ለመዋዕለ ንዋይ የዋለው፣ እና ወደ ውጭ ከተላከው ላይ ከውጭ የመጣው ተቀንሶ። ድሃ አገሮች ብዙውን ጊዜ የቤተሰብን ፍጆታ በየዓመቱ በቀጥታ መቁጠር አይችሉም። ስለዚህ ከጠቅላላው ላይ ሌላውን ሁሉ ቀንሰው የተረፈውን "ቤተሰብ በላው" ይላሉ። የመንግሥት ወጪ ሰነድ አለው። ጉምሩክ መዝገብ አለው። እናቶች ጓዳ ግን መዝገብ የለም። ስሌቱ ላይ የተፈጠረ ስህተት ሁሉ በመጨረሻ ጓዳ ውስጥ ይገባል። የአንድ ዓመት የፍጆታ ቁጥር ድንገት ቢዘል ወይም ቢወድቅ ቶሎ አለመደንገጥ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ይህ ቁጥር ትልቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቤተሰብ የሚፈጀው ከአገሪቱ ምርት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ቻይና ውስጥ 40 በመቶ አይሞላም። ቻይናዎቹ ብዙ ይቆጥባሉ፣ ብዙ ይገነባሉ። ድሃ አገሮች ላይ ድርሻው ከፍ የሚለው ግን ሰው አባካኝ ስለሆነ አይደለም። ከእጅ ወደ አፍ ስለሆነ ነው። የሚቆጠብ አይተርፍም።

ዋጋውን እንንቀለው

ወደ ሀጂ ደብተር እንመለስ። ቁጥሩ ለምሳሌ ይሁን። አንዲት እናት አምና በወር 8,000 ብር ታወጣ ነበር። ዘንድሮ 10,000 አወጣች። በብር ሲታይ ወጪዋ 25 በመቶ አድጓል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ግን ዋጋ 30 በመቶ ጨምሯል እንበል። የአምናውን ዘንቢል ዘንድሮ ለመሙላት 10,400 ብር ያስፈልጋታል። እሷ ያወጣችው 10,000 ነው። 400 ብር የሚያወጣ ነገር ከዘንቢሉ ወርዷል። ስለዚህ ወጪዋ በብር አድጎ በዕቃ ወደ 4 በመቶ ገደማ ቀንሷል።

ባለሙያዎች የመጀመሪያውን "በወቅቱ ዋጋ"፣ ሁለተኛውን "በቋሚ ዋጋ" ይሉታል። ሪፖርት ስታዩ መጀመሪያ ፈልጉት። የትኛው እንደሆነ ያልተጻፈበት የዕድገት ቁጥር ብዙም አይነግርም።

እዚህ ላይ ሰው በጣም የሚናደድበት አንድ ነገር አለ። "የዋጋ ንረት ቀነሰ" ሲባል ሰው ገበያ ወጥቶ ዘይቱን ያየዋል፣ አልቀነሰም። ከዚያ "ይዋሻሉ" ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከፈረንጅ አራዳ ተነስቶ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣ ባጃጅ አስቡ። ዳገቱ ሲበረታ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ቁልቁል ወረደ ማለት ግን አይደለም፣ አሁንም እየወጣ ነው። ንረት ፍጥነት ነው፣ ዋጋ ደግሞ ከፍታ። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ2017 መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ግድም ወረደ። እውነት ነው፣ ወርዷል። ግን በ2014 የተሰቀለው ዋጋ እንደተሰቀለ ሆኖ ነው በላዩ ላይ ሌላ 14 የተጨመረው። ስለዚህ ዜናውም እውነቱን ነው፣ ገበያ የወጣው ሰውም እውነቱን ነው።

ንረቱም ቢሆን የሁሉም ሰው እኩል አይደለም። በጋዜጣ የሚወጣው አንድ ቁጥር የአማካይ ዘንቢል ነው። በኢትዮጵያ የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ውስጥ ምግብ ከግማሽ በላይ ቦታ ይይዛል። የእኔ ቤት ግን አማካይ ቤት አይደለም፣ የእናንተም። ምግብ 40 በመቶ ጨመረ፣ ሌላው ሁሉ 10 በመቶ ጨመረ እንበል። ከወጪው 60 በመቶ ምግብ የሆነበት ቤት የራሱ ንረት 28 በመቶ ነው። 30 በመቶ ብቻ ምግብ የሆነበት ቤት ደግሞ 19 በመቶ። ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ያው አንድ ከተማ፣ ያው አንድ ገበያ።

የምግብ ድርሻ የሚናገረው

እ.ኤ.አ. በ1857 ኧርንስት ኤንግል የተባለ ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሰው የቤልጂየም ሠራተኞችን የቤት ወጪ መዝገብ ይመረምር ነበር። ያገኘው ነገር ዛሬም ድረስ ቆሟል። ቤተሰብ ድሃ በሆነ መጠን ከወጪው ለምግብ የሚሄደው ድርሻ ይበዛል። ሲሻለው ለምግብ የሚያወጣው ብር ሊጨምር ይችላል፣ ድርሻው ግን ይቀንሳል። ሆድ ወሰን አለው። አራት እንጀራ የሚበላ ሰው ደመወዙ እጥፍ ስለሆነ ስምንት አይበላም። ትርፉ ለጫማ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለስልክ ይሆናል።

ስለዚህ ሀብታም ሆንን ወይስ አልሆንንም ለማለት ድምሩን ትቶ ድርሻውን ማየት ይቻላል። ምግብ ከወጪያችን ውስጥ የያዘው ቦታ ከዓመት ዓመት ከሰፋ ነገሩ አልተሻለም፣ ብሩ ምንም ያህል ይብዛ።

ግን ድርሻ ብቻውንም ያታልላል። ኪራይ ሲንር ሰው ከምግቡ ይቀንሳል። ኪራይ አይቀነስም፣ ባለቤቱ ደጅ ላይ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያም አይቀነስም። የሚቀነሰው ሆድ ነው። በዚህ ጊዜ የምግብ ድርሻ ወርዶ ይታይና ኤንግልን የሚያነብ ሰው "ተሻላቸው" ሊል ይችላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ተከራይተው የሚኖሩ ጀማሪ ሠራተኞችን ብትጠይቁ ይህን በደንብ ያስረዷችኋል። ምሳ አቮካዶ በዳቦ ነው። አቮካዶ ጅማ ላይ የምስኪን ወዳጅ ነው፣ እግዜር ይስጠው።

ቤተሰብ ሲጨንቀው በአንድ ጊዜ አይቆርጥም። መጀመሪያ ዓይነቱን ይለውጣል። ነጭ ጤፍ ወደ ሰርገኛ ይወርዳል። ከዚያ በቆሎ ይቀላቀልበታል፣ ወይ ሩዝ። እንጀራው ያው እንጀራ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይታወቃል። ቀጥሎ መጠኑ ይቀንሳል፣ ከባለ 5 ሊትር ወደ ግማሽ ሊትር። ሻጩም በበኩሉ ዋጋውን ሳይነካ ዳቦውን ያሳንሳል። የዋጋ መዝጋቢ ዳቦውን ካልመዘነው ዋጋው አልጨመረም ብሎ ይጽፋል።

ግማሽ ሊትሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ድህነት ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። ባለ 5 ሊትሩ 1,500 ብር ነው እንበል። ሊትሩ 300 መጣ። በግማሽ ሊትር ተቀድቶ የሚገዛው ደግሞ 175 ብር ይከፈልበታል እንበል። ሊትሩ 350 ሆነ። ያ አንድ ጊዜ 1,500 ብር ማውጣት ያልቻለ ሰው በየሊትሩ 50 ብር ለሌለው ብር ይከፍላል። ሀጂን "ለምን ይወደዳል?" ብዬ አልቀየማቸውም፣ የሚፈሰው አለ፣ ላስቲኩ አለ፣ ዱቤ ሆኖ የሚቆየው አለ። ለስታቲስቲክሱ ግን ችግር ነው። የድሃው ወጪ ከፍ ብሎ ሲታይ ከፊሉ ዘይት አይደለም፣ የማነስ ቅጣት ነው።

ቡና ሲቀላ

አሁን ከጅማ ውጭ ያለ ሰው በቀላሉ የማይረዳው ነገር ላይ ደረስን። የእኛ ዓመት አሥራ ሁለት እኩል ወራት የሉትም። ቡና መቅላት ሲጀምር፣ ከጥቅምት ወዲህ፣ ብር ወደ ከተማ ይወርዳል። እሸት የሚሸጥ አለ፣ ከነቅርፊቱ አድርቆ፣ ጀንፈል አድርጎ የሚያቆይ አለ። ለቃሚው በኪሎ ይከፈለዋል። አቅራቢው ይሯሯጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሀጂ ደብተር ላይ መስመር በመስመር ላይ ይሰረዛል። ልብስ፣ ቆርቆሮ፣ የጅማ በርጩማና አልጋ ይገዛል። ጥር ላይ ሠርግ ነው። ከዚያ ይቀዘቅዛል። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ደብተሩ ይወፍራል። ክረምት ነው፣ እህል ተወዷል፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ መጥቷል፣ ቡናው ደግሞ ገና አረንጓዴ ነው።

ጠያቂው ታኅሣሥ ላይ ቢመጣ ሀብታም ነን። ነሐሴ ላይ ቢመጣ ሚስኪኖች። ጥናቱ ዓመቱን በሙሉ ካልተዘረጋ የትኛውን ኑሮ እንደለካ አይታወቅም።

በዓላትም አሉ። ረመዳን ሲገባ ጅማ ላይ ተምሩ፣ ሳምቡሳው፣ ሾርባው ወጪውን ወደ ላይ ይስበዋል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይመጣል። ስለዚህ "ዘንድሮ በመጋቢት የተፈጀው ከአምና መጋቢት በለጠ" የሚል ሰው መጀመሪያ ጾሙ የት ላይ እንደዋለ ይመልከት።

ሰው ግን ገቢው እንደተወዛወዘ ልክ አይወዛወዝም። ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነው። ሰው ወጪውን የሚመጥነው ዛሬ በእጁ በገባው ሳይሆን በረጅሙ አገኛለሁ ብሎ በሚያስበው ነው። የቡና ገበሬ ይህን ለማወቅ ፍሪድማንን አላስፈለገውም። ታኅሣሥ ላይ ዕቁብ ይጥላል፣ ጊደር ይገዛል፣ ከፊሉን ጀንፈል ጎተራ ያቆያል። ጀንፈል ጎተራ ውስጥ ያለ ባንክ ነው፣ ያውም ዋጋው የሚጨምር ባንክ። ነሐሴ ላይ አንድ ጆንያ ያወጣና የልጆቹን ደብተር ይገዛል። ጎተራ የሌለው፣ ማለትም ለቃሚው፣ የሚያስተካክለው በዱቤ ነው። ሌላው ደግሞ ቡናው ሳይቀላ ከነጋዴ ብር ይቀበላል፣ ሲቀላ በነጋዴው ዋጋ ያስረክባል። ሁሉም ነሐሴን ይሻገራሉ፣ የሚከፍሉት ዋጋ ግን አይገናኝም።

ይህ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። አንድ ተጨማሪ ብር ለማን ቢደርስ ነው ቶሎ ወደ ገበያ የሚወጣው? ለድሃው ብትሰጡት አመሻሹ ላይ ሱቅ ደርሷል። ለባለጸጋው ብትሰጡት ባንክ ወይ መሬት ይሆናል። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ማሻሻያ ሲመጣ ያየነው ይህንን ነው። በ2017 ዓ.ም. ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000። ከግብር ነጻ የሚሆነውም ከ600 ብር ወደ 2,000 ወጣ። 600 ብር በ2008 ዓ.ም. ሲወሰን ነገሩ ሌላ ነበር፣ ዋጋ እየናረ ሲሄድ ድሃውም ግብር ከፋይ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ጭማሪው እንደተሰማ ግን ከሠራተኛው ቀድመው የሰሙት አከራዮች ናቸው። ስለዚህ ከጭማሪው ስንቱ ዘንቢል ውስጥ ገባ የሚለው ጥያቄ ክፍት ነው።

ትንሽ ኢኮኖሚ ማለት

"ትንሽ ኢኮኖሚ" ሲባል የሕዝብ ብዛት አይደለም። እኛ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነን። ትንሽ የሚባለው በዓለም ገበያ ዋጋ የማይወስን፣ የተወሰነለትን የሚቀበል አገር ነው። ኢትዮጵያ የቡና መገኛ ናት፣ ከአፍሪካም አንደኛ አምራች። የአረቢካ ዋጋ ግን የሚቆረጠው ኒው ዮርክ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የብራዚል ድርቅ ባመጣው ሥጋት ዋጋው አንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ፣ ታይቶ የማይታወቅ ነበር። ብራዚል ዝናብ ሲቀር አጋሮ ላይ ቆርቆሮ ይሸጣል። በዚያው በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ያገኘችው ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ዘይት፣ ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ ማዳበሪያ ከውጭ ይመጣሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሳ። በዓመቱ ከ130 በላይ ሆነ። እንግዲህ አንድ ለውጥ ጅማ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቤት ውስጥ ይገባል። ቡና ያለው ገበሬ ዶላሩ ሲመነዘር ብዙ ብር ያያል። ቡና የሌለው አስተማሪ የሚያየው የዘይቱን ዋጋ ነው። ገበሬው ጭማሪውን ይዞ ከተማ ሲወርድ ደግሞ ገበያውን ያሟሙቃል፣ አስተማሪው ዶሮ ይወደድበታል። የአገር ቁጥር ሁለቱን አንድ ላይ ደምሮ "ፍጆታ አደገ" ይላል።

አማካይ የሚባለው ነገር ተንኮሉ እዚህ ነው። ስድስት ሰዎች ጀበና ከብበው ተቀምጠዋል። አምስቱ በወር 6,000 ብር ያወጣሉ፣ አንዱ 60,000። አማካዩ 15,000 ነው። ከመሃላቸው ግን 15,000 የሚያወጣ አንድም ሰው የለም። ሀብታሙ ወደ 72,000 ከፍ ቢል አማካዩ 17,000 ይሆናል፣ ማለትም 13 በመቶ ዕድገት። አምስቱ ቡናቸውን እየጠጡ ነው፣ ምንም አልሰሙም። ለዚህ ነው በሰልፍ ቢቆሙ መሃል ላይ የሚውለውን ሰው ወጪ መጠየቅ የሚሻለው። እዚህ ጀበና ዙሪያ መሃለኛው 6,000 ነበር፣ አሁንም 6,000 ነው።

ይህን ሁሉ ለሀጂ በአንድ ትንፋሽ ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር። እስከ ኤንግል ድረስ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ አንዲት ልጅ መጥታ "ሀጂ፣ እማዬ ዘይት ሩብ ስጧት፣ ጻፉባት ብላለች" አለች። ሀጂ ደብተሩን ገለጡ፣ ጻፉ። ሩብ ሊትር መቅጃ አልነበራቸውም፤ ግማሽ ሊትሯን ጠርሙስ በጣታቸው መሃሏ ላይ ለክተው ቀዱላት። በማግስቱ ሳልፍ ባንኮኒው ላይ አዲስ ትንሽ መቅጃ ተሰቅሎ አየሁ።